በባዝራ የተያዘ ስም

ወልደ ሥላሴ ስለ ፈረስ የማያውቀው ነገር የለም። ይህን ማን መሰከረ? ራሱ! ከኤርፖርት አንስቶ ሆቴል የሚያደርሳቸው ተሳፋሪዎች ሰምተዋል፣ የደብሩ የፓርኪንግ አስተናባሪ ሰምቷል፣ የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር በሁለት እጁ አፉን ይዞበት እያለ ሰምቷል። ልጅ ሆኖ ጃንሜዳ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የክቡር ዘበኛን ፈረሶች ሲያይ ነው ያደገው። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሙሉ ፈረስ በእጁ ነክቶ አያውቅም። ይህ ግን ዕውቀቱን አልቀነሰበትም፤ እንዲያውም ከዓመት ዓመት እየጨመረለት ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ኦክቶበር፣ ቴክሳስ፣ ቤድፎርድ፣ በልጁ በዊንታ ሳሎን ውስጥ ነው። ዊንታና ባሏ ማቲዎስ ቤድፎርድን የመረጡት ሥራ ቀርቧቸው አይደለም፤ ሮውሌት የሚኖረው የእሷ አባትና ሌዊስቪል የሚኖረው የእሱ አባት "ለእነሱ አደላችሁ" ብለው እንዳያኮርፉ ከሁለቱም ራቅ ለማለት ነው። ሁለቱን ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ልጅ ሊወልዱ እንደሆነና ቀኑም ለሜይ መጀመሪያ እንደተባለ ነገሯቸው። ተሳሳሙ፣ ተመራረቁ፣ ወልደ ሥላሴ ዓይኑን በመሐረብ ጠረገ። እዚያ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር! ግን ማቲዎስን ምን እንዳቀበጠው እንጃ፣ "ሶ፣ አሁን ስም እያሰብን ነው" አለ።

ሁለቱ አያቶች እኩል አፋቸውን ከፈቱ።

የማቲዎስ አባት ፍቃዱ ሌዊስቪል አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ተቆጣጣሪ ነው። እዚያ "ፍራንክ" ይሉታል፤ እሱም ስሙ ሲጠራ ትከሻው ከፍ ይላል። "ሴት ከሆነች ማዲሰን፣ ወንድ ከሆነ ሜሰን" ብሎ ቀደመ። "ነገ ሥራ ስትቀጠር የሚጠራት ሰው ምላሱ መታሰር የለበትም።"

ወልደ ሥላሴ የከፈተውን አፍ መልሶ ዘጋ። እሱም ስም ነበረው። አይናዲስ። የሚስቱ ስም ነው። ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏታል፤ ከአርባዋ ወዲህ ያ ስም ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። "እናትሽ" ይላል፣ "እሷ" ይላል፣ "ያኔ ቤት ውስጥ ሰው እያለ" ይላል፤ አይናዲስ ግን አይልም። ሊል ሲሞክር ጉሮሮው ላይ ይቆምበታል። ሴት ልጅ ተወልዳ ስሙን ብትወርሰው ግን በእሷ ሰበብ ቀኑን ሙሉ ይጠራዋል፤ አይናዲስ ነይ፣ አይናዲስ ጫማሽን አውልቂ፣ አይናዲስ ተይ አልኩሽ! የፈለገው ይህን ነው። ከዚህ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ የሚፈልገው ነገር አልነበረም።

ታዲያ ልጁን ለምን አይጠይቃትም? ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አባቷ አይደለም እንዴ? ግን ለመጠየቅ ስሙን መጥራት አለበት። ስለዚህ ጤነኛ ሰው የሚያደርገውን ትቶ ወሬውን ወደ ፈረስ ወሰደው።

በዚያው ሳምንት አንድ ፈረስ ገዢ ከኤርፖርት አንስቶ ነበር። ሰውየው በሜይ ለሚደረገው ለትልቁ የፈረስ እሽቅድምድም፣ ለደርቢው፣ ፈረሶቹ ገና የሁለት ዓመት ጮርቃ ሳሉ፣ ከአሁኑ ውርርድ እንደሚጀመር አጫውቶታል።

"ሜይ አላችሁ?" አለ ወልደ ሥላሴ። "በሜይ የሚያሸንፈውን ፈረስ እኔ ዛሬ በዓይኔ አይቼ እነግራችኋለሁ።"

"ፈረስ በዓይን አይታወቅም" አለ ፍቃዱ፤ ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ያየው በቴሌቪዥን ነው። "ዘሩን ነው መቁጠር።"

"ይወራረዱኛል?"

"ቁማር ኃጢአት ነው፣ አቶ ወልደ ሥላሴ።"

"ኃጢአት የሚሆነው በገንዘብ ሲሆን ነው።"

ሁለቱም ሰንበቴ የሚጠጡ የተከበሩ ሰዎች ናቸውና ገንዘብ አላስያዙም። የልጅ ልጃቸውን ስም አስያዙ። እያንዳንዳቸው አንድ የሁለት ዓመት ፈረስ ይመርጣሉ፤ በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በደርቢው ላይ ፈረሱ የቀደመለት ልጁን ይሰይማል። ወልደ ሥላሴ የእሱን ስም "ሳሸንፍ ትሰሙታላችሁ" ብሎ ደበቀ። ዊንታና ማቲዎስ እየሳቁ "ኦኬ፣ ኦኬ" አሉ። አሜሪካ ያደገ ልጅ እየሳቀ ኦኬ ሲል ጆሮውን እንደዘጋ ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ዛሬ አልገባቸውም።

ፍቃዱ ሥራውን በዘር ጀመረ። ማቲዎስና ዊንታ ከመጋባታቸው በፊት ሰባት ቤት ቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩን ያረጋገጠው እሱ ነው፤ ለፈረስም ያንኑ አደረገ። ከኢንተርኔት ላይ የእያንዳንዱን ፈረስ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያወጣ ሲቆጥር ክው አለ። ባለሙያዎቹ ሁሉ ከአሁኑ ደርቢውን ይወስዳል የሚሉት ፈረስ፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ቅድመ አያቱ አንድ ሆኖ ተገኘ!

"ዘመዳሞች ናቸው!" ብሎ ወልደ ሥላሴ ጋ ደወለ። "ሰባት ቤት ቀርቶ አራት አልሞላም! የሥጋ ዘመዱን አግብቶ ነው የወለደውኮ!"

"ኧረ ፈረስ ናቸው፣ አቶ ፍቃዱ።"

"ነውር ለፈረስም ነውር ነው!"

ሁለተኛውን አየ፤ ያው። ሦስተኛውም ያው። የእሽቅድምድም ፈረስ የተባለ ሁሉ ከጥቂት አባቶች እንደመጣ፣ አርቢዎቹም እያወቁ እንደሚያዛምዷቸው ያልሰማ ሰው ቢኖር እሱ ነው። የተመሰገነውን ሁሉ በነውር ሲጥል ሰንብቶ፣ በመጨረሻ በእሱ አቆጣጠር ሰባት ቤት የሞላለት አንድ ፈረስ አገኘ። ፕሌን ቶስት ይባላል። አባቱ ሮጦ አሸንፎ አያውቅም፣ እናቱ ጭራሽ ሮጣ አታውቅም፤ ግን ምንም አይዛመዱም። ፍቃዱ ደስ ብሎት ዋለ።

ወልደ ሥላሴ በበኩሉ ያንን ፈረስ ገዢ ከፎርት ወርዝ ወዲያ ወዳለ የፈረስ ማሠልጠኛ አድርሶት ስለነበር፣ በዚያ ትውውቅ ጠዋት ጠዋት እየሄደ አጥር መደገፍ ጀመረ። ከጃንሜዳው የሚለየው አሁን እግሩ መሬት መንካቱ ብቻ ነው። የማሠልጠኛው ሰዎች ሰዓት ይይዛሉ፣ ሳንባ ያዳምጣሉ፣ አጥንት ራጅ ያስነሳሉ። እሱ ግንባር ያያል፣ ሰኮና ያያል፣ አንገት ላይ ያለው ፀጉር በየት በኩል እንደተጠቀለለ ያያል። ገዢዎች የሚሻሙበትን አንዱን ወጠምሻ "ጆሮው ቅን አይደለም" ብሎ ጣለው። ባለቤቱ ይህን ባለመስማቱ ፈረሱን አልሸጠም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ፈረስ ወጣች። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ነጭ፣ ቦራ። ጋላቢው ይዟት ሲያልፍ አንገቷን ሰበር አድርጋ ወልደ ሥላሴን ከጫማው እስከ ኮፍያው አየችው፤ ጭቃ ይዞ ምንጣፍ ላይ የወጣ ሰው በሚታይበት ዓይን። ያንን አስተያየት ያውቀዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲገባ በር ላይ የጠበቀው የሚስቱ አስተያየት ነው።

"ይቺ ናት" አለ። ሰኮናዋን አላየ፣ አንገቷን አላየ። ያ ሁሉ ዕውቀት በዚያች ደቂቃ የት እንደገባ እንጃ። ስሟን ሲጠይቅ ሄዘል አፍተርኑን እንደምትባል ነገሩት።

"ባዝራ?" አለ ፍቃዱ ሲሰማ። "ከድንጉላዎቹ ጋር ባዝራ ሊያስሮጡ?"

"ሕጉ አይከለክላትም።"

"ሕጉማ እኔንስ መቼ ከለከለኝ!"

በብርዱ ወራት ፕሌን ቶስት ሮጠ፤ ማለቴ፣ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ወጣ። ሌሎቹ ገብተው ሲታጠቡ እሱ ገና እየመጣ ነበር። ፍቃዱ "ንጹሕ ዘር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቅ" እያለ ቆየ። ማርች ላይ ባለቤቶቹ ተስፋ ቆርጠው አኮላሹትና ሕፃናት ግልቢያ ለሚማሩበት ቦታ ሸጡት። "ጠባየ ሸጋ ነው ማለት ነው" አለ ፍቃዱ።

ሄዘል ግን አሸነፈች። ሉዊዚያና ሄዳ ባዝሮቹን ሁሉ አስከትላ ገባች፤ ደገመች። ያን ሰሞን ዊንታም የምትወልደው ሴት እንደሆነች ተነገራት። ከዚያ ወዲያ ወልደ ሥላሴን የሚችለው ጠፋ! እሁድ እሁድ ቤድፎርድ እየመጣ፣ ሄዘል ብርድ አትወድም፣ ሄዘል ዛሬ እንዴት እንደበላች ብታዪ፣ ሄዘል አሠልጣኙን ነከሰችው፣ ደግ አደረገች፣ እያለ በሳቅ ይፈርሳል። ዊንታ ሆዷን ይዛ ዝም ብላ ታየዋለች። ከሩቅ የፈረስ ጠባይ የሚያነበው ሰው አጠገቡ የተቀመጠች ልጁ እንዴት እያየችው እንደሆነ ልብ አላለም።

ኤፕሪል ላይ መርዶው መጣ። የሄዘል ባለቤቶች ቅዳሜ ከወንዶቹ ጋር አናጋፋትም፣ ዋዜማውን አርብ በሚደረገው የባዝሮች ውድድር ትሩጥ ብለው ወሰኑ። ፍቃዱ ድምፁን ሞቅ አድርጎ ደወለ።

"የተባባልነው ቅዳሜ ነው። የእርስዎ ቅዳሜ የለችም።"

"የእርስዎስ አለ? ሕፃን እያዘለ አይደለም እንዴ!"

ተጨቃጨቁ፣ ስልክ ተዘጋጉ፣ መልሰው ተደዋወሉ። በመጨረሻም ባለጉዳዩም ሽማግሌውም ራሳቸው ሆነው ታረቁ፤ ሄዘል አርብ ካሸነፈች ወልደ ሥላሴ ይሰይማል፣ ከተሸነፈች ፍቃዱ። እንግዲህ ልጅቷ ወይ አይናዲስ ናት፣ ወይ ማዲሰን። አባትና እናቷን ማንም አላማከረም። የሚያቻኩል ነገርም አልታያቸውም፤ ክርስትና እስክትነሳ ሰማንያ ቀን አለ፣ እስከዚያ ሕፃን "ማሚቱ" እየተባለ ይቆያል ብለው ነበር።

ዊንታ ሐሙስ ጠዋት በሰላም ተገላገለች። አርብ ከሰዓት ከሆስፒታል ልትወጣ ስትሰናዳ፣ ሁለቱ አያቶች ታች ሎቢው ውስጥ ስልክ በውኃ ጠርሙስ አስደግፈው አንድ ወንበር ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። ወልደ ሥላሴ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ስልኩ ላይ የመነሻው በር ተከፈተና ባዝሮቹ ወጡ። ሄዘል ከኋላ ቀረች።

"ኋላ ናት" አለ ፍቃዱ፣ እንደ ደግ ሰው።

ወልደ ሥላሴ ወደ ስልኩ ተጠጋ። ኩርባው ላይ አሁንም ኋላ ናት። "እባክሽ" አለ በሹክሹክታ። "እባክሽ እናቴ፣ ለእኔ ብለሽ።" መጨረሻው ቀጥታ ላይ ሲደርሱ ግንባረ ቦራዋ ከውጭ በኩል ብቅ አለች። አንዷን አለፈች፣ ሌላዋን አለፈች። ወልደ ሥላሴ ቆመ። ፍቃዱም፣ ማዲሰን ገደል ትግባ፣ አብሮት ቆሞ "ነይ! ነይ! በያት!" እያለ ይጮሃል። በአንገት ቀደመች! ጥበቃው መጥቶ ሁለት ሽማግሌዎች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ አገኘና ሰው የሞተባቸው መስሎት ቀስ ብሎ ተመለሰ።

"ረቱኝ" አለ ፍቃዱ። "ማን ሊሏት ነው?"

"ላይ ስንደርስ" አለ ወልደ ሥላሴ። ሊፍቱ ውስጥ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሞከረው። አይ... አይና... አልወጣም። ግድ የለም፣ ልጅቷን ሲያይ ይወጣል አለ በልቡ።

በሩን ሲከፍት ዊንታ ለብሳ ጨርሳ አልጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ማቲዎስ ሕፃኗን ታቅፏል።

"አባዬ፣ አሸነፈች አይደል? አየናት!" አለች ዊንታ። "እኛም ሰርፕራይዝ አለን። ማለቴ፣ ሆስፒታሉ ለበርዝ ሰርተፊኬቱ ስም ስጡን አለን፣ ሶ፣ ሰጠን። ሄዘል ብለናታል!"

ወልደ ሥላሴ እበሩ ላይ ቀረ።

"ጥሩ ስም ነው" አለ ፍቃዱ ከኋላው። "ምላስ አያስርም።"

ዊንታ የአባቷን ፊት አይታ ፈገግታዋ ጠፋ። "አልወደድከውም? እኔኮ... እኔ መጀመሪያ የፈለግኩት የእማዬን ስም ነበር። ከኦክቶበር ጀምሮ፣ ማቲን ጠይቀው። ግን አንተ ስሟን አትጠራም። ባለፈው መኪና ውስጥ ስጠራው ሬዲዮውን ከፍ አደረግክ። ሰው ልጄን በጠራ ቁጥር አባቴ ሊታመም ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ አንተ ሄዘል ስትል ትስቃለህ። እማዬ ከሞተች እንደዚያ ስቀህ አታውቅም፣ አባዬ። ሶ፣ ሄዘል ይሁን አልን።"

ይኸው! ያን ስም ይዞ ወራት ሙሉ በየአጥሩ ሥር ሲንከራተት፣ ልጁ እዚህ ቤድፎርድ ተቀምጣ አንድ ጊዜ እስኪጠራው ትጠብቀው ነበር። አንዲት ቃል ነበር ያስፈለገችው። ወልደ ሥላሴ በራሱ ንድድ አለው፤ አፈረም።

ሄዶ ሕፃኗን ከማቲዎስ ተቀበለ። ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ጭቃ ይዞ ምንጣፍ ላይ እንደወጣ ሰው አየችው።

"አይናዲስ" አለ። መሃል ላይ ተሰበረበት፤ ደገመው። "አይናዲስ ፈረስ ትፈራ ነበር።"

ፍቃዱ ኮፍያውን አወለቀ።

"እውነትህን ነው?" አለች ዊንታ እንባዋ እየወረደ። "አላውቅም ነበር።"

"የጋሪ ፈረስ ሲያልፍ እንኳ ከኋላዬ ትደበቅ ነበር" አለ። ከዚያም ሄዘልን እንዳቀፈ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ ማንም ሳይጠይቀው ስለ አይናዲስ መንገሩን ቀጠለ።