ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ

"ኧረ ይቀመጡ ጋሼ፣ አፈር ስሆን!" አለች ጀማነሽ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

"ልጅሽ እሺ ሳትለኝ አልቀመጥም" አሉ ጋሽ ገብረሃና። ጃንጥላቸው ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠባል።

ጋሽ ገብረሃና የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው። የልጅቷ፣ የፍሬሰላም፣ አባት ሲሞት ድንኳን ያስተከሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ ቤቱ ያልጠፉ ሰው። እንዲህ ያለ ሽማግሌ ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት የካዛንቺስ ልጅ የሚያውቀው ነገር አይደለም። ከጀርባቸው የቆመው አባዲም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ሦስት ወር ሙሉ ስልክ አላነሳም ብሎ፣ ዛሬ አርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌ ይዞ ከች! ብልጥ ነው እንጂ ምን ይባላል።

አባዲ እዚያው ሰፈር ፎቅ ላይ ፑል ቤት አለው። ግንቦት ላይ የሴቶች ውድድር አዘጋጀና፣ ለአንደኛ አርባ ሺህ፣ ለሁለተኛ ሃያ ሺህ፣ ለሦስተኛ አሥር ሺህ ብሎ ፖስተር በየግድግዳው ለጠፈ። ፍሬሰላም አንደኛ ወጣች። ዋንጫውን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠችው፤ ብሩ ግን የውሃ ሽታ ሆነ።

የሚያናድደው ደግሞ ሥራዋ ነው። ኦሎምፒያ አንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ውስጥ የሰው ውል ስትተይብ ነው የምትውለው። የቤት ኪራይ ሊዋዋል የመጣውን ሁሉ "ወንድምህም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን" እያለች ትመክራለች። ለውድድሩ ስትመዘገብ ግን "አባዲ፣ ትንሽ ወረቀት ብንፈራረም?" ብትለው፣ "እኔና አንቺ? በወረቀት? ኧረ ሰው ይታዘበናል!" ብሎ ሳቀባት። ይሉኝታ ያዛት። እጇን በኪሷ ከትታ ወጣች። እስከ ዛሬ ያንን ቀን ባሰበች ቁጥር ራሷን መምታት ያምራታል።

አሁን አባዲ ከጃኬቱ ኪስ ፖስታና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

"አሥራ አምስት ሺህ ብር ነው" አለ። "ስፖንሰሩ እስካሁን አልከፈለኝም፣ በልጆቼ! ከኪሴ ነው። ይቺን ፈርሚልኝና በቃ፣ ነገሩ ይዘጋ።"

አሥራ አምስት ሺህ። ከአሥራ አራትም ከአሥራ ስድስትም አሥራ አምስት! ፍሬሰላም ወደ እናቷ ዞረች። ጀማነሽ ዓይኗን ሰበረች። ቤታቸው ለልማት ሊፈርስ በሩ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል፤ ቅድመ ክፍያው አርባ ስድስት ሺህ ነው። እቁቡም፣ የጀማነሽ የጆሮ ወርቅም ተደማምሮ ሠላሳ አንድ ሺህ ሞላ። የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው፤ ባንኩ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። የጎደለውን ለጋሽ ገብረሃና እያለቀሰች የነገረቻቸው እናቷ እንደሆነች አሁን ገባት። እሳቸው ደግሞ ለደግ ብለው ለአባዲ ነገሩት።

ስልኳ ጮኸ። ኢኽላስ ናት፣ ሁለተኛ የወጣችው፣ ለገሃር ልብስ ቤት የምትሠራው። ፍሬሰላም ወደ በረንዳ ወጣች።

"ፍሬ፣ በአባዲ ላይ ያቀረብነው አቤቱታ የሚታየው ሰኞ ሦስት ሰዓት ነው እሺ? ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት" አለች ኢኽላስ በጥድፊያ። "ማለቴ፣ አንቺ ካልመጣሽ ኬዙ አለቀለት። ውል የለን፣ ምን የለን። አንደኛዋ 'አልተከፈለኝም' ካላለች እኛን ማን ይሰማናል? ለፈቃድ ከአለቃዬ ጋር ስንት ተጨቃጨቅኩ መሰለሽ!"

"እሺ።"

"ምን ሆነሻል? ድምፅሽ..."

"ዝናቡ ነው" አለችና ፍሬሰላም ዘጋችው። ስልኩን ኪሷ ልትከት ብላ ሁለቴ ሳተችው። በፍጻሜው ጨዋታ የመጨረሻዋን ጥቁር ኳስ ስትመታ እንኳ እንዲህ አልሆነችም።

ስትመለስ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ከፖስታው ጎን ተዘርግቷል፤ እስክሪብቶም ተቀምጦለታል።

"ፈርሚ ልጄ" አለች ጀማነሽ። "ላም አለኝ በሰማይ እያልን ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው? አርባ ሺህ አርባ ሺህ ስትዪ ይሄው ክረምቱ አለቀ።"

"እሷ እውነቷን ነው" አሉ ጋሽ ገብረሃና። "ስለ አባትሽ ብለሽ ይቅር በይው።"

ፍሬሰላም ወረቀቱን አነሳች። "ጋሼ፣ አንብበውታል?"

"መነጽሬን ቤት ረስቼ... ያው ተቀበልኩ የሚል ነው አለኝ።"

"ላንብብልዎት።" ጉሮሮዋን ጠረገች። "'የሽልማት ገንዘቤን አርባ ሺህ ብር ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ። ሌሎቹም ተወዳዳሪዎች የየድርሻቸውን መቀበላቸውን አረጋግጣለሁ።'"

ጋሽ ገብረሃና ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

"ሌሎቹ ማን ናቸው?" አሉ ሽማግሌው።

"ከእኔ ጋር የተጫወቱት ናቸው። ሳንቲም አልደረሳቸውም።" ወደ አባዲ ዞረች። "የእኔን ተወው። አርባውን ተቀብያለሁ ብዬ እፈርምልሃለሁ፣ ውሸት ቢሆንም። የእነሱን መስመር ሰርዝልኝ።"

"እሱ ከተሰረዘ ወረቀቱ ምን ይሠራልኛል?" አለ አባዲ፣ ሳያስበው አመለጠው። "ማለቴ... ለእነዚያ ሁሉ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ? ያንቺ ነው እንጂ የእነሱ እኔን ምን ይመለከተኛል!"

ጋሽ ገብረሃና ቀስ ብለው ዞረው አዩት። "አባዲ፣ የእሷን ጉዳይ ብቻ አይደል ያልከኝ?"

"ጋሼ፣ ያው ነው..."

"ምኑ ነው ያው?"

አባዲ ፖስታውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጃኬቱ ውስጥ መልሶ ከተተው። "ታች ካፌው ጋ ነኝ" አለ ለፍሬሰላም። "እስከ ዘጠኝ ተኩል እጠብቃለሁ። ፈርመሽ አምጪና ብርሽን ውሰጂ፤ ካልሆነ እንግዲህ ከእኔ እንዳይመስልሽ።" ወረቀቱን እዚያው ትቶ በዝናቡ ውስጥ ወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ይላል።

"ፍሬዬ" አለች ጀማነሽ፤ ድምፅዋ ቀጠነ። "እኔ የሰው ልጅ አያሳዝነኝም አልልም። ግን ወዴት ልንሄድ ነው? ንገሪኛ! ይቺን ታህል ፊርማ ምን አላት?"

ፍሬሰላም እናቷን ማየት አቃታት። ኮንዶሚኒየሙ ሌላ ጊዜ ይደርሰናል ብላ እንዳታጽናናት፣ አይደርስም። ለኢኽላስ በኋላ እክሳታለሁ እንዳትል፣ በምን? ሽማግሌው ቆመዋል፣ አንዴ እሷን አንዴ በሩን እያዩ። እስክሪብቶውን አነሳች።

"ተመስገን!" አለች ጀማነሽ። "በይ ቶሎ፣ ሩጪ፣ ድረሺበት!"

ፍሬሰላም ወረቀቱን ገለበጠችው። በባዶው ገጽ ላይ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩ አባዲ አሁን 'ለእነዚያ ሁሉ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ?' ብሎ የተናገረውን፣ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳታጎድል። የጀማነሽ እጅ አፏ ላይ ቀረ።

ጽፋ ስትጨርስ ወረቀቱን ወደ ሽማግሌው ገፋችው፤ እስክሪብቶውንም ከላዩ አደረገች። ፊቷ እሳት ሆኗል፣ ግን ዓይኗን ከእሳቸው ላይ አላነሳችም።

"ጋሼ" አለች፣ "ሽማግሌ ለአንድ ወገን እንደማይመሰክር አውቃለሁ። ድፍረት አይሁንብኝ። ይሄ አሁን በጆሮዎ የሰሙት ነው፤ ሰኞ ለወረዳው እንዳቀርበው ይፈርሙልኛል?"