ጉልበት ላይ የተለካ ኮፍያ

ኮፍያው ሕፃኑን ዋጠው። ነርሷ አናቱ ላይ ብታደርግለት ተንሸራቶ ወርዶ አገጩ ላይ ቆመ። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ኮፍያ ብቻ። ሌላ ቀን ቢሆን ምላጭ መሬት ላይ ተንከባልላ በሳቀች ነበር። ምላጭ ያሏት ለምላሷ ነው፤ ከአራተኛ ክፍል የወጣችውም አስተማሪዋን በዚሁ ምላሷ ላጭታ ነው አሉ። አሁን ግን ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቋል።

«ለማን ነው የሠራሽው? ለአባቱ?» አለች ነርሷ።

«ጉልበቴ ላይ ለክቼ ነው ሲስተር።»

«ምንሽ ላይ?»

ጉልበቷ ላይ። በነምላጭ ቤት የጨቅላ ልጅ ኮፍያ የሚለካው እንዲያ ነው። አክስቷ ዕድሜ ልኳን የልጆች ሹራብ ስትሠራ ሜትር ገዝታ አታውቅም። ኮፍያውን አጠፍ ያለ ጉልበቷ ላይ ታጠልቅና ልክክ ካለ «በቃ፣ አለቀ» ትላለች። እስከ ዛሬ አንድም እናት ጠበበኝ ሰፋኝ ብላ መልሳ አላመጣችም። ግን ያ ወሩን ጨርሶ ለሚመጣ ልጅ ነው። ይሄኛው ምን እንዳስቸኮለው እንጃ፣ ቸኩሎ መጣ። ጭንቅላቱ የምላጭን ጡጫ ቢያህል ነው።

ነርሷ ሕፃኑን በፎጣ መልሳ ጠቀለለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ የኔ እናት። ማሞቂያዎቹ ሞልተዋል፤ አንዱማ ከተበላሸ ከርሟል። ይሄ ልጅ እየቀዘቀዘ ነው። ሙቀቱ የሚያመልጠው ደግሞ በአናቱ ነው። ለስላሳ፣ ልኩ የሆነ ኮፍያ፣ ከዚያ የእናቱ ደረት። ሌላ መላ የለኝም። ሳይመሽ ድረሺልኝ።»

የእናቱ ደረት! እናቱ፣ የምላጭ ታላቅ እህት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ከወለደች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም።

«እቴቴ፣ ዞር ብለሽ እዪው እንጂ። አባቱን ነው የሚመስለው፤ ግን አይዞሽ፣ ሲያድግ ይለወጣል» አለች ምላጭ።

ከእቴቴ ግድግዳው ይሻል ነበር፤ ግድግዳ ቢያንስ ያስተጋባል።

ምላጭ ወደ ቤት በረረች። ድሮ ቢሆን ቤቱ ክር በክር ነው። አክስቷን ግን ቁርጥማት ጣቶቿን ካጣመመባት ወዲህ ሥራ ቆሟል። የቀረው የተማሪ ሹራብ የሚሠራበት ሻካራ ክር ብቻ ነው፤ ያ ጉደኛ ኮፍያም ዛሬ ልጁ ሲወለድ በችኮላ የተሠራው በሱ ነው።

«ዋጠው!» አለች በሩን ሳትዘጋ።

«ማን ማንን?»

«ኮፍያው ልጁን! ጉልበት ጉልበት ስትዪ! ጡጫዬን ነው የሚያህለው አክስቴ። ለስላሳ ክር ስጪኝ።»

«ከየት አባቴ ላምጣልሽ? ክር ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው።»

ሁለቱም የሚያዩት አንድ ቦታ ነበር፤ አልጋው ሥር ያለውን ሳጥን።

ሳጥኑ ውስጥ ቢጫ ሹራብ አለ። እቴቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሳለች የሠራችው ነው፤ ልስላሴው የጫጩት ላባ ነው። ልጅቷ ሳትለብሰው ሞተች። ያን ቀን እቴቴ ሹራቡን አጥፋ ከተተችና «ከእንግዲህ ልጅ ተወልዶ ሲያለቅስ በጆሮዬ ካልሰማሁ፣ ክር በእጄ አልነካም። እናንተም ለልጄ ብላችሁ እንዳትነኩ» ብላ ማለች። ለዚህኛው አንድ ካልሲ እንኳ ያልተሠራለት ለዚያ ነው። ሹራብ ሠሪ ቤት ተወልዶ ራቁቱን!

«እንዳታስቢው» አለች አክስቷ። «ከልጅቷ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ብታውቅ ትሞታለች።»

«ካልነካሁት እሱ ይሞታል።»

«አንቺ ልጅ፣ ተይ ብያለሁ!»

«የሞተ አይበርደውም አክስቴ!»

ካለችው በኋላ ራሷም ደነገጠች። አክስቷ ፊቷን አዞረች። ፊቷን እንዳዞረች ግን መሬት ላይ የነበረውን መቀስ በእግሯ ወደ ምላጭ ገፋ አደረገችው።

የእቴቴ እጅ እንዴት ያምር ነበር! አንድ የዘለለ ቀለበት የለ፣ አንድ የተዛነፈ ረድፍ የለ። ምላጭ ጫፉን ቆርጣ ስትስበው ትርርር እያለ ተፈታ። በየረድፉ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ማንን እንደሆነ አታውቅም። ክሩ የድሮ ቅርጹን አልረሳም፣ ተንጨባሮ ነው የሚወጣው። ወትሮ አርጥበው፣ አስጥተው ነበር የሚያቃኑት። ዛሬ ማን ጊዜ አለው?

«እንዳለ ሥሪው። መንጨባረሩ ያሞቃል» አለች አክስቷ፣ አሁንም ፊቷን እንዳዞረች።

በዚህ ቤት ኮፍያ የሚሠራው ከአናት ወደ ታች ነው። ልክ ሲሆን የአፉን ጠርዝ ዘግቶ ማቆም ነው። ምላጭ ጉልበቷን ረስታ ጡጫዋ ላይ እያጠለቀች ለካች። የሹራብ መሥሪያ ሽቦዎቹ በጥድፊያ እርስ በርስ ይንቀጫቀጫሉ። መስኮቱ ላይ ብርሃኑ ሲደክም ስታይ ልቧ ከዳት። የመጨረሻውን ዙር ጥርሷን ነክሳ፣ ክሩን እየጎተተች ዘጋችው።

«አፉን ላላ! ላላ አድርጊው!» ብላ አክስቷ ጮኸች። ምላጭ ሽቦዎቹን ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ መንገድ ላይ ነበረች።

ነርሷ ኮፍያውን ሞከረች። የኮፍያው ሆድ ልክ ነው። አፉ ግን ግንባሩ ላይ ሲደርስ አልገባም አለ። ገፋ ብታደርገው ሕፃኑ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ከንፈሩ ጠቁሯል።

«አይሆንም፣ ጭንቅላቱን ይጫነዋል» አለች ነርሷ፣ ኮፍያውን አውጥታ።

ምላጭ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። የሟቿን አፍርሳ ለሕያው የማይሆን ነገር ሠራች! ነገር ማሳመርም ጠፋባት።

«እቴቴ» አለች፣ «ቢጫውን ተረተርኩት። እሱም አልሆነም። ሁለቱንም አጠፋሁብሽ።»

አልጋው ሲጢጥ አለ። እቴቴ ዞራለች። ምላጭ ጥፊ ጠበቀች፤ ብትመታት ደስ ባላት። እቴቴ ግን እጇን ዘርግታ ኮፍያውን ከነርሷ ተቀበለች። ክሩን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፤ ረጅም ጊዜ ዳሰሰችው። ጣቷ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አጥብቀሽዋል» አለች። የሰው ድምፅ አይመስልም፣ ሻክሯል። «ስትፈሪ ሁሌ ታጠብቂያለሽ። ሽቦ አምጪ።»

ምላጭ ከጸጉሯ መዝዛ ሰጠቻት። እቴቴ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታች፣ የመጨረሻውን ዙር ተረተረች። ከዚያ ሽቦው አየር ላይ ቀረ።

«አለቀሰ?» አለች ነርሷን ሳታያት።

«ገና ነው» አለች ነርሷ።

እቴቴ የማለችውን አልረሳችም። ግን ጎንበስ አለችና የመጀመሪያዋን ቀለበት በሽቦው አነሳች። ሁለተኛዋን። ክሩን ሳትጎትተው፣ እያባበለችው ዘጋች።

አሁን ገባ። ነርሷ ሕፃኑን የእቴቴ ደረት ላይ አስተኝታ በነጠላ ሸፈነቻቸው። ቢጫ አናት ብቻ ይታያል። ውጭው ጨልሟል። ሦስቱም ጆሯቸውን ወደዚያች ቢጫ ነገር አዘንብለው ጠበቁ፤ ሕፃኑ ግን አላለቀሰም። ትንፋሹ ይመጣል፣ ይዘገያል፣ ይመጣል።

«እጅጌውንም ተርትረሽዋል?» አለች እቴቴ ቀስ ብላ።

«እጅጌው አለ። አልነካሁትም።»

«አምጪው» አለች፣ መዳፏን ቢጫው አናት ላይ እንደጫነች። «እግሩ በረዶ ነው።»