ቀስ በል ያወራላት ከተማ

ልብስ ሰፊዋ ትልቁን ከተማ አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም፤ ነገር ግን እንደ ሰፈሯ ታውቀዋለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባሏ ሲያወራላት ኖሯል። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በወር ሁለቴ ጭነት ይዞ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሲመለስ ታዲያ እንደ ጓደኞቹ ሽቶና ጨርቅ አይይዝም፣ ይዞ የሚመጣው ወሬ ነው። እግሩን ለብ ባለ ውሃ ነክሮ፣ እሷ የስፌት መኪናዋን ትታ አጠገቡ እስክትቀመጥ ይጠብቅና አንድ ቦታ ይነግራታል። በአንድ ጉዞ አንድ ቦታ ብቻ፤ ብትለምነውም ሁለተኛ አይጨምርላትም። አንድ ቀን ሕንፃ ላይ የሚወጣ የመስታወት ሊፍት፣ ሌላ ቀን ቀለሙን የሚቀያይር ፏፏቴ፣ ሌላ ቀን ደግሞ መንገድ ሠሪዎች መቁረጥ አሳዝኗቸው መንገዱን ያጠማዘዙላት ዛፍ። ወሬውን የሚጨርሰው ሁልጊዜ «አንድ ቀን ይዤሽ እሄዳለሁ» ብሎ ነው። ሲነዳ ስለማይቸኩል ጓደኞቹ ቀስ በል ነበር የሚሉት። ይዟት የመሄዱንም ነገር ቀስ እንዳለ ሞተ።

ለቅሶው ላይ አንድ ሾፌር ጓደኛው፣ ክፉ ሳያስብ፣ የሆነ ነገር ከአፉ አመለጠው። የእነሱ መኪና ከተማው ውስጥ እንደማይገባ፣ ጭነቱ ዳር ላይ እንደሚራገፍ፣ ቀስ በልም ዕድሜውን ሙሉ ከተማው መግቢያ ላይ ካለው የጭነት መኪና ሚዛን ወዲያ አልፎ እንደማያውቅ ተናገረ። ሰዎቹ ሻይ እየጠጡ ሰሙትና ረሱት። እሷ ግን አልረሳችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እንደ እሾህ ውስጧ ተሰክቷል። ያ ሁሉ ወሬ ታዲያ ከየት መጣ? ሲዋሻት ነው የኖረው? ወይስ እዚያ ቀኑን የሚያሳልፍበት፣ ከተማውን የምታሳየው ሌላ ሴት ነበረችው? ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄን ለማንም አልተነፈሰችም። ለልጇ እንኳን።

ልጇ በዚያው ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ሳምንት እንኳ አብራት እንድትቆይ እናቷን ስንት ጊዜ ወተወተቻት። ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ እሺ ብላ መጣች፤ ግን ለሁለት ሌሊት ብቻ። የመመለሻ ትኬቷን ገና ሳትነሣ ቆርጣ፣ በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣለች።

ልጅቷ ፈቃድ ወስዳ ቀኑን በስልኳ ላይ ደልድላ ነበር፦ ቁርስ የት፣ ምሳ የት፣ ከዚያ ወዴት። እናትየዋ ግን ስልኩን ሳታይ የምትበላበትን ቦታ አውቃው ቁጭ ብላለች።

«አባትሽ ምሳ የሚበላበት ቤት ከሚዛኑ አጠገብ ነው» አለች። «ረጅሙን ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ ትወርጃለሽ፣ ጎማ ቤቶቹን ታልፊያለሽ፣ ከዚያ ፍሬን ያዝ አድርገሽ ወደ ቀኝ። አረንጓዴ በር።»

«እማዬ፣ እኛ እኮ የምንሄደው በአውቶቡስ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች እንጂ ነገሩ አላስደሰታትም። አራት ዓመት ስትኖር ወደዚያ ዳር ሄዳ አታውቅም፤ ጭስና አቧራ ለማየት ማን ይሄዳል? ግን የእናቷን ፊት አየችና ጫማዋን አደረገች። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ ቁልቁለቱን ወርደው፣ የተቆለለ ጎማ በየደጁ የተደረደረበትን መንገድ በእግራቸው አለፉ። ሚዛኑ ላይ አንድ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ቆሞ ይመዘናል። አረንጓዴው በር ሰማያዊ ሆኗል፤ ቀለሙ የተላጠበት ቦታ ላይ ግን አሮጌው አረንጓዴ ብቅ ብሏል። ልብስ ሰፊዋ አረንጓዴውን በጣቷ ነካችው። ቢያንስ በሩ ውሸት አልነበረም።

ባለ ምግብ ቤቷ ደልደል ያለች፣ እጇ ከውሃ የማይወጣ ሴት ናት፤ ሾፌሮቹ ሁሉ አክስቴ ይሏታል። ስትስቅ ጉንጯ ይሰረጉዳል። ልብስ ሰፊዋ ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ለካቻት፤ ሥራዋ ነውና ደረቷንም ወገቧንም በአንድ እይታ አወቀችው፣ ያወቀችውንም አልወደደችውም። የምስር ሾርባና ዳቦ አዘዙ። ሾርባው ባሏ እንዳለው ነው፣ ሎሚው በዛ ያለ። ሁለት ማንኪያ እንደቀመሰች አላስቻላትም።

«ቀስ በል የሚባል ሾፌር ያውቁ ነበር?» አለች።

አክስት የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ሴትየዋን አየቻት፣ ጣቷ ላይ መርፌ ያደነደነውን ቆዳ አየች፣ ከዚያ ሳትጋበዝ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ባለ መርፌዋ ነሽ» አለች፤ መሞቱን ከሾፌሮቹ ሰምታ ስለነበር ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እናንተን ስጠብቅ እኮ ስንት ዓመቴ። ይዣት እመጣለሁ እያለ።»

ከዚያ እጇን በሽርጧ እያበሰች ሁሉንም አወራች። መኪናው ተራ ይዞ እስኪራገፍ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ጓደኞቹ ያን ጊዜ ካርታ ሲጫወቱ ቀስ በል ከዚህች ጠረጴዛ አይነሣም። «አክስቴ፣ ዛሬ ለሚስቴ ምን ልንገራት?» ይላታል። እሷም የሰማችውን ትነግረዋለች። እህቷ ረጅሙ ሕንፃ ውስጥ ጽዳት ስለምትሠራ የመስታወቱ ሊፍት ከእህቷ የተገኘ ነው። ፏፏቴውን የነገራት ዳቦ የሚያመላልሰው ሰውዬ ነው። እሷ ራሷ አንዱንም አላየችም፤ ድስት ጥላ የት ትሂድ? ቀስ በል አንድ ቦታ ሳይዝ መኪናውን አያስነሣም ነበር። አንድ ቀን ወሬ አልቆባት፣ እሱ ደግሞ አልነሣ ብሎ ምሳ ሰዓት ደረሰባትና፣ ከራሷ ፈጥራ ነገረችው።

«መንገዱ የተጠማዘዘላት ዛፍ» አለች አንገቷን ደፍታ። «እሷ የለችም። ይቅር በይኝ።»

«ከሁሉም የምወዳት እሷን ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። ቅር ሊላት ሲገባ ሳቋ መጣ።

ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። የመጣችበት ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ግማሽ ቀን ሙሉ ቁጭ ካለ፣ ሚኒባስ ደጁ ላይ እየቆመ፣ ገብቶ በዓይኑ ማየት ምን ከለከለው?

«እኔም ጠይቄዋለሁ» አለች አክስት። «ሂድና እየው እንጂ፣ የሰው ወሬ ከምትለቅም አልኩት። ‹አይሆንም› አለኝ። ‹አሁን ብቻዬን ካየሁት፣ ከእሷ ጋር ስመጣ ለእኔ አሮጌ ይሆንብኛል። አብረን ነው የምንደነቀው› አለኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በሰውዬው ተናደደች፣ አዘነችለትም፣ ደግሞም ካገባችው ጀምሮ የዚያን ቀን ያህል ወዳው አታውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደጁ ድረስ እየመጣ፣ እሷን ሲጠብቅ ሳይገባ የተመለሰ ሰው። እሷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዷ ስታማው ኖራለች። አለቀሰች፤ ልጅቷ ለምን እንደሆነ የገባት ያኔ ነው፣ እጇንም ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ጠርጋ ሾርባውን ጥርግ አድርጋ በላች።

«ተነሽ» አለቻት አክስትን። «ድስቱን ለአንዱ አደራ ስጪና ተነሽ።»

አክስት መጀመሪያ እንቢ አለች፣ ቀጥሎ የምለብሰው የለኝም አለች፣ በመጨረሻ ሽርጧን ፈትታ ተከተለቻቸው። ሦስቱ በሚኒባስ ወደ መሃል ከተማ ገቡ። የመስታወቱ ሊፍት እውነት ነበር። ልብስ ሰፊዋ በአንድ በኩል ልጇን፣ በሌላ በኩል አክስትን ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች፤ የገለጠችው በሩ ሲከፈት ነው። ላይ የወጣው ሰው ሁሉ ወደ መሃሉ፣ ወደ አደባባዩና ወደ ሐይቁ ዞሮ ፎቶ ያነሣል። እሷ ወደ ተቃራኒው መስታወት ሄዳ ቆመች።

«እማዬ፣ ፏፏቴው በዚህ በኩል ነው የሚታየው» አለች ልጇ።

እናትየዋ ግን ዳር ዳሩን ስትፈልግ ቆይታ ረጅሙን ቁልቁለት አገኘችው፤ ከሥሩ ጎማ ቤቶቹን፣ ከእነሱ ወዲያ እንደ አዝራር የተደረደሩትን መኪኖች። ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳረፈች።

«እዚያ ቁጭ ብሎ ነው ይሄን ሁሉ ያሳየኝ» አለች።

ሦስቱም ወደዚያ አዩ። ከዚያ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ፣ ከዚህ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች።

«ዛፏን እንፈልጋት።»

«ነገርኩሽ እኮ» አለች አክስት ደንግጣ፣ «እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«ሰምቻለሁ። በዚህ ሁሉ መንገድ ውስጥ አንድ ዛፍ ያሳዘነችው ሰው ይጠፋል?»

«ብናጣትስ?» አለች ልጅቷ። «ነገ ጠዋት ተሳፋሪ ነሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፍታ መሐረቡን ፈታች፤ ትኬቱንም ለልጇ ሰጠቻት።

«ቀኑን ይቀይሩልን እንደሆነ ጠይቂልኝ» አለች። «አባትሽ እስካሁን ጠብቆናል፤ ቀስ ብለን እንያት።»

ልጅቷ ትኬቱን ይዛ ወደ ሊፍቱ ቀደመች። ሲወርዱ እናቷ ዓይኗን አልጨፈነችም።