የሠርካዲስ ያላለቀ ውድድር

በዚህ ከተማ የሚጠግን ሰው አልቋል፤ የቀረው የሚቀይር ብቻ ነው። ስልክህ ሲታመም ስክሪኑን፣ መኪናህ ሲታመም ሞተሩን አውጥተው ይጥሉልሃል። ምን እንደነካው ግን የሚጠይቅ የለም። ይህን ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ያለ አንድ የጥገና ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ መንገደኛ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ጮኼ ተናግሬዋለሁ። ባለ ሱቋ ፋይዛ የባለቤቴን የጌም ማጫወቻ፣ ፕሌይስቴሽኗን፣ አብርታ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ድርግም ሲልባት አየችና ወዲያው ፈረደች።

«ሐርድ ዲስኩ ነው ጋሼ። አዲስ ላስገባልዎት።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«ጌሙን መልሼ እጭንልዎታለሁ።»

«ስለ ጌሙ አልጠየቅሁሽም። ሴቭ የተደረገውስ?»

«እሱማ ይጠፋል። እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ ምን ችግር አለው?»

ችግሩን ልነግራት አልቻልኩም። ባለቤቴ ሠርካዲስ ካረፈች አሥር ወር ሆኗታል። ልብሶቿን ዘመድ ተከፋፍሏል፤ ጠረኗም ከትራሱ ከወጣ ቆይቷል። እጇ ጀምሮ ሳይጨርሰው የቀረ ነገር ያለው እዚህ ጥቁር ሣጥን ውስጥ ብቻ ነው። ለብቻዋ የምትጫወተው አንድ የእግር ኳስ ውድድር ነበራት። ሆስፒታል የገባች ዕለት ጫማዋን እያሰረች፣ «ግማሽ ላይ ነኝ፤ ስመለስ እጨርሰዋለሁ» አለችኝ። ከፍቼም አይቼው አላውቅም። የጀማሪ ጨዋታ ምን ያደርግልኛል? ከእኔ ጋር ስንጫወት ከአሥሩ ስምንቱን እረታት ነበር። ጠበቃ ነኝ፤ መርታት ልማዴ ነው።

ሣጥኑን ብብቴ ሥር ወትፌ ወደ ቤቴ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ተመለስኩ። ማስረጃው ሁሉ የፋይዛን ፍርድ የሚቃወም ነበር። ዕቃው ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ጎኑ እጅ ይፋጃል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይነሣል። የሞተ ሐርድ ዲስክ ስለቀዘቀዘ አይነሣም። ይህ የሙቀት በሽታ ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ ትንሽ የማቀዝቀዣ ፔስትና ጫፉ ኮከብ የሆነ ካቻቪቴ ገዛሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋዜጣ አንጥፌ መፍታት ስጀምር የሠርካዲስ ታናሽ እህት፣ እንዳለች የምትባለው፣ መጣች። ከደጅ ሳለች ነው የጀመረችኝ።

«ወንድም ጋሼ! ደግሞ ምኑን ከሰስከው?»

«ልጠግነው ነው።»

«አንተ? አምፖል እንኳ ስትቀይር ሠፈር ተሰብስቦ ነው እኮ።»

«ነገረኛ! ተቀመጪና ብሎኖቹን ያዢ። አንድ ብትጠፋ አልምርሽም።»

ክዳኑን ሳነሣ ማራገቢያው በአቧራ ታፍኖ እንደ ጥጥ ፍራሽ ሆኗል። በብሩሽ ጠረግኩት። ከሥሩ፣ ዋናውን ቺፕ ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር የሚያገናኘው ፔስት እንደ ክረምት ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል እያራስኩ ፋቅሁት፤ አዲሱን ቀባሁ። እንዳለች ብሎኖቹን በሻይ ሰሃን ላይ በመጠን በመጠናቸው ደርድራ ትጠብቃለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተጨቃጨቅንም፤ ለእኔ ቤት ትልቅ ነገር ነው።

ገጥመን ስናበራው ድምፅ የለም። ማጓራቱ ቀረ! ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ መጣ። ተነሥቼ ለፋይዛ ደውዬ ልሰድባት ስልኬን አወጣሁ። ሳልደውል ሣጥኑ ድርግም አለ።

«እንዲህ ጸጥ ማለቱስ ደግ አይደለም ብዬ ነበር» አለች እንዳለች። «ማራገቢያው ይዞራል?»

አይዞርም። የማራገቢያውን ሽቦ መሰካት ረስቻለሁ። የሠርካዲስን ውድድር በሙቀት ልገድልባት የነበርኩት እኔው ነኝ። በችኮላ እንደገና ፈታሁት። የሻይ ሰሃኑን ገፋሁት፤ ሁለት ብሎኖች ሶፋው ሥር ገቡ። ጋዜጣውን፣ ሶፋውን፣ ካቻቪቴውን የሠራውን አገር ሰደብኩ። እንዳለች በደረቷ ተኝታ ብሎኖቹን አወጣች።

ሽቦውን ሰክቼ ዳግመኛ ሳበራው፣ ለስለስ ያለ ነፋስ በጎኑ ወጣ። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ሃያ። አልጠፋም። ስሟ ስክሪኑ ላይ ነበር። በስሟ ገባሁ፤ ውድድሩን ከፈትኩ።

ቡድኗን «ልደታ» ብላዋለች፣ በላቲን ፊደል። አሥራ ዘጠኝ ጨዋታ፤ ሽንፈት የለም፤ አንደኛ። የጨዋታው የክብደት ደረጃ የመጨረሻው፣ እኔ አንድ ቀን ሞክሬ ሰባት ገብቶብኝ የሸሸሁት ነው።

«ይሄ የእሷ ሊሆን አይችልም» አልኩ።

«የማን ይሁን?»

«እኔን ማሸነፍ የማትችል ሴት…»

እንዳለች ልትስቅ አፏን ከፈተችና ፊቴን አይታ ተወችው። «ወንድም ጋሼ፣ የእውነትህን ነው? ሠርኬ እኮ ሆን ብላ ትለቅልህ ነበር።»

«ምን?»

«ስትሸነፍ ትቆጣለሃ! ጆይስቲኩ ተበላሽቷል፣ መብራቱ አነሰ፣ ዳኛው ሌባ ነው… የኮምፒውተር ዳኛ! አንዴ አሸንፋህ ሦስት ቀን አላናገርካትም።»

«ሦስት አይደለም። ሁለት ነው።»

«እሺ ጌታዬ፣ ሁለት ተብሎ ይመዝገብ።»

የተጫዋቾቹን ዝርዝር ከፈትኩ። በሠፈር ሰው ስም ጠርታቸዋለች። በረኛው ሙለታ የግቢያችን ዘበኛ ነው፤ አጥቂዋ ጠጅቱ ከታች ያለችው ባለ ሱቅ። ተከላካይ ቦታ ላይ፣ አምስት ቁጥር፣ ጋሻው። እኔ። ቁመቴን አሳጥራዋለች። ኃይለኝነቴን ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ሰጥታኛለች። ከስሜ ጎን ሰባት ቀይ ካርድ ተመዝግቧል።

«ሰባት!» አለች እንዳለች፤ አሁን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «አሠልጣኝ ብሆን ገና በሁለተኛው አባርርህ ነበር!»

ሠርካዲስ አላባረረችኝም። አየሁት። ከቅጣት በተመለስኩ ቁጥር አሰልፋኛለች። ተቀያሪ ወንበር ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አላስቀመጠችኝም።

ውድድሩን ሳልነካ ወጣሁና የወዳጅነት ጨዋታ ከፈትኩ። ተጋጣሚዬ የእሷ ቡድን፣ ክብደቱም የእሷ ይሁን አልኩ። በጥሞና፣ ላቤ እስኪንጠባጠብ ተጫወትኩ። ኮምፒውተር እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሰላለፉ ግን የእሷ ነው፤ በክንፍ በኩል ብቻ የሚመጣውም አመሏ። አንድ ገባብኝ። ሁለት። ሦስት። አምስተኛው ሲገባ እንዳለች ጆይስቲኩን እንዳልወረውር ፈርታ ትንፋሿን ያዘች።

«መብራቱ ነው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ፤ ማምለጫ ልትሰጠኝ።

«መብራቱ አይደለም» አልኩ። «በለጠችኝ።»

ይህችን አንዲት ቃል ሠርካዲስ አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች ብላት ኖሮ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት፣ ሃያ ዓመት የረታሁትን ክርክር ሁሉ እሰጥ ነበር።