ሦስተኛው ቁልፍ

«ቁልፉ ሁለት ብቻ ነው፤ አይደል አባቴ?» አለ የፖሊስ አዛዡ፣ የሻይ ብርጭቆውን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ።

ቁልፍ ቀራጩ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። ልጁ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። ቤቱ ከጎረቤት በተለቃቀመ አግዳሚ ወንበር ታጭቋል፤ ሴቶቹ ባለቤቱን ከበው በጓዳው በኩል፣ ወንዶቹ በበሩ በኩል ተቀምጠዋል። አዛዡ ግን ትናንትም ዛሬም ቦታ የያዘው እሱ አጠገብ ነው። ድምፁ ከመለስለሱ የተነሳ ከተማው «ቅቤው» ይለዋል። ሰው ሲያስር እንኳ ይቅርታ መጠየቅ አይረሳም።

«ሁለት ነው» አለ ቁልፍ ቀራጩ።

«አንዱ ልጁ ኪስ ውስጥ ተገኘ።»

«ሁለተኛው ያውና።» ከበሩ ጎን ያለውን ምስማር በአገጩ አሳየው።

አዛዡ የተንጠለጠለውን ቁልፍ ረጋ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲህ የልጁን ክፍል በር ተቆልፎ ነው ያገኘነው። መስኮቱ ብረት አለው። አንዱ ቁልፍ ከሟቹ ጋር፣ አንዱ እዚህ። ሽጉጡም የገዛ ራሱ። ሥራችን ሆድ ያስብሳል አባቴ፤ ስንት ጎበዝ ፖሊስ በዚሁ ሲሄድ አይቻለሁ። መቆለፊያውን የሠሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ሌላ ቁልፍ እንደሌለው በሙያዎ ይፈርሙልንና መዝገቡ ይዘጋ። ወረቀቱን ነገ ይዤው እመጣለሁ።» ሻዩን ፉት አለና ድምፁን ሳይቀይር ጨመረ፤ «ፊርማው ከሌለ ደግሞ፣ ያ ምስማር ላይ ያለው ቁልፍ ያን ዕለት የት ዋለ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። እኔ አይደለሁም፤ ሰው ነው።»

በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። ቁልፍ ቀራጩ ይህን ተረት ስልሳ ዓመት ሙሉ ሲሰማው ኖሮ ገና አሁን ገባው። ልጁ ራሱን እንዳላጠፋ ያውቃል። የሚያውቀውም አባት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ቁልፉ ሁለት አልነበረም፤ ሦስት ነበር፤ ሦስተኛውንም የቀረጸው እሱ ራሱ ነው። ቢፈርም ልጁ ራሱን የገደለ ተብሎ ይቀራል። ባይፈርም ሦስተኛውን ቁልፍ ማን እንደወሰደው መናገር ሊኖርበት ነው። የወሰደው ሰው ደግሞ አሁን እዚሁ ቤት ውስጥ ትሪ ይዞ ለለቀስተኛው ሻይ ያዞራል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው።

ቁልፍ ቀራጩ መቆለፊያውን የሠራው፣ ልጁ ከፈትል ፋብሪካው ፊት ለፊት፣ ከተዘጋው ፀጉር ቤት በላይ ያለችውን ክፍል የተከራየ ጊዜ ነበር።

«የፖሊስ ቤት ማን ይሰርቃል አባዬ?» ብሎ ሳቀበት ልጁ።

«ፖሊስ» አለው አባት፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ቁልፉ ስድስት ጥርስ አለው፤ አምስተኛው ከሌሎቹ በተቃራኒ ወደ ኋላ የተሞረደ ነው። በማሽን አይወጣም፤ ሞርሳ ላይ አስሮ በእጅ ነው። «ይኼን በር ያለ ፈቃድህ የሚከፍት ሌባ ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ» ብሎ አስረከበው። ጉራ ነበር፤ ጉራ ደግሞ ቆይቶ ባለቤቱን ይጠይቃል።

እንዲህ ያለው ባለሙያ የገዛ ቤቱን በር ቆልፎ አያውቅም። ሰፈሩም አልማረውም፤ «ሌባ ማረፍ ሲያምረው ቁልፍ ቀራጩ ቤት ይገባል» ይላል። ጥፋቱ የባለቤቱ ነው። ልጇ ፖሊስ ከሆነ ጀምሮ «ደክሞት ሲመጣ ልጄ በር አያንኳኳም» ብላ መቀርቀሪያውን ማንም እንዳይነካው ከለከለች። የራሱን ክፍል ከተከራየ በኋላም ሐሳቧን አልለወጠችም። መቀርቀሪያው ስምንት ዓመት ሳይገፋ እዚያው ዝጓል።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጡት የፋብሪካው ሠራተኞች ነበሩ፤ ሠራተኛ ይባሉ ከተባለ። ፈትል ፋብሪካው ከተዘጋ አራት ዓመቱ ነው። ሳይረኑ ከተማውን ቀስቅሶ፣ ምሳ አብልቶ፣ ወደ ቤት ይመልስ ነበር። ዛሬ ሰዎቹ በለመዱት ሰዓት ይነሱና የሚሄዱበት የላቸውም። የሱቁ ግማሽ ተዘግቷል። ከተማ ሲሞት የሚከብረው ቁልፍ ቀራጭ ነው፤ ሁሉም ቆልፎ ይሄዳላ።

«ራሱን ነው አሉ እኮ» አለ አንዱ በሹክሹክታ።

«እሱ? የዘበኛውን ነገር ሳይጨርስ?»

«ዝም በል፤ ቅቤው ይሰማሃል።»

የዘበኛው ነገር የጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። የተዘጋው ፋብሪካ ማሽኖች «ቁርጥራጭ ብረት» እየተባሉ አንድ በአንድ ሲጠፉ ከርመው፣ በመጨረሻ ዘበኛው ቀለም መዘፍዘፊያው ገንዳ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሌቦች በሩን ሰብረው ገብተው ነው ተባለ። ልጁ በመጋዝ የተቆረጠውን የበሩን ተንጠልጣይ ጋን ቁልፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ አባቱ ሱቅ ይዞት መጣ።

«አባዬ፣ ይኼ ተሰብሮ ነው የተከፈተው?»

አባት መነጽሩን አድርጎ ከብርሃኑ ሥር አገላበጠው። «አይደለም። መጀመሪያ በቁልፉ ተከፍቷል፤ የተጋዘው ከዚያ በኋላ ነው። ይቺን የቀለበቱን ጫፍ እያት፤ ስትቆልፈው ሆዱ ውስጥ የምትገባ ናት። የመጋዝ ጭረት አለባት። ተቆልፎ ቢሆን ኖሮ መጋዙ እዚያ በምን ይደርሳል?»

ልጁ ፈገግ አለ፤ ልጅ እያለ የፈታታውን መቆለፊያ መልሶ ሲገጥም የሚያሳየውን ፈገግታ። ወዲያው ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ቁልፉ በማን እጅ ነው?» አለው አባት።

«በከተማው ግምጃ ቤት» አለና መልሶ ጠቀለለው።

የግምጃ ቤቱ ኃላፊ የልጁ አጎት፣ ያው የእናቱ ወንድም ነው። ቁልፍ ቀራጩ ይህን ያን ቀንም ያውቅ ነበር። ግን ሰው ማየት የማይፈልገው ነገር ሲመጣበት መነጽሩን መወልወል ያበዛል፤ እሱም መነጽሩን ወለወለ።

ወር ሳይሞላ ያው ሰውዬ ሱቁ ድረስ መጣ። «ጋሼ፣ ልጁ አንዷ ቁልፍ ጠፍታበት አንተን ፈርቶ ነው የላከኝ። ከቤታችሁ ምስማር ላይ ያለችውን አምጥቻታለሁ፤ ከሷ ላይ ቅረጽልኝና ልውሰድለት፤ እሷን ቦታዋ እመልሳታለሁ።»

ሱቁ ግድግዳ ላይ «ባለቤቱ ሳይመጣ ቁልፍ አይቀረጽም» የሚል ጽሑፍ አለ። በዚህ ሕግ አንድ ዳኛ ሳይቀር መልሷል። ግን የልጁን አጎት፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገውን ሰው፣ እንዴት ይመልሰዋል? ሞርሳው ላይ አስሮ ከሰዓቱን ሙሉ ሞረደ። «ሌባ የሚያሳድድ ፖሊስ የቤቱን ቁልፍ አጣ» እያለ ቀለደ። አጎትየው ቀልዱ ከሚገባው በላይ ሳቀ።

የመጨረሻው ምሳ ትዝ ይለዋል። ልጁ እንደ ልማዱ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገው፤ እናቱ ቀይ ክር ያሰረችበት ያው የድሮው ቁልፍ ነው። አባት አየው። «አገኘው ማለት ነው» አለ በሆዱ፤ አፉን ግን አልከፈተም። ልጁም የሚለው ነገር ነበረው።

«እማዬ፣ አጎቴን በጣም ነው የምትወጂው አይደል?»

እናቱ ሳቀች። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አንድ ወንድሜ፣ ዓይኔ አይደል እንዴ!»

ልጁ ሳህኑን አቀርቅሮ ጨረሰና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሞቶ ተገኘ።

አዛዡ ተሰናብቶ ሲወጣ ቁልፍ ቀራጩ ወደ ጓሮ ዞረ። የሚስቱ ወንድም ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብሎ ብርጭቆ ያጥባል። ከቀብሩ ጀምሮ ጎኑን አላሳረፈም፤ ወንበር የሚለምነው እሱ፣ ሰው የሚቀበለው እሱ፣ እህቱን ደግፎ የሚያነሳው እሱ።

«ያ የቀረጽኩልህ ቁልፍ» አለው ቀስ ብሎ፣ «ለልጁ ደርሶት ነበር?»

ሰውዬው ቀና አላለም።

«የቱ ቁልፍ ጋሼ?»

ውሃው እጁ ላይ ይፈሳል። ብርጭቆው ታጥቦ ካበቃ ቆይቷል፤ እሱ ግን ያንኑ ያጥባል። ቁልፍ ቀራጩ ወደ ቤት ተመለሰ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሳይመጣ ለባለቤቱ ሊነግራት አጠገቧ ተቀመጠ። የልጁን ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትዳብሰዋለች።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው።»

«ወንድሜ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?» አለች ሳትሰማው። «እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም እኮ።»

የሸሚዙን እጅጌ አስተካክሎላት ተነሳ። ልጇን ቀብራለች፤ በሦስተኛው ቀን ወንድሟንም ቅበሪ ሊላት ነው እንዴ?

ረፋዱ ላይ የሌላ ከተማ ሰሌዳ ያለው መኪና ደጅ ቆመና አንዲት ሴት ገባች። ሁለት ወንዶች መኪናው ጋ ቀሩ። የልጁን እናት አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ መጥታ ቁልፍ ቀራጩ አጠገብ ጎንበስ አለች።

«አባባ፣ ከልጅዎ ጋር ነው የሠለጠንኩት። ዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ ነኝ። ከመሞቱ በፊት ደውሎልኝ ነበር። የዘበኛውን ገዳዮች ደርሼባቸዋለሁ፣ አለቃዬም አለበት አለኝ። በሩን የከፈተላቸውን ሰው ስም ስጠይቀው ግን "መጀመሪያ እናቴን ላናግር" ብሎ ተወው።» ትንፋሽ ወሰደች። «ለእርስዎ የነገረዎት ነገር አለ?»

መልስ ሳይሰጣት በሩ ላይ «ያጽናችሁ» የሚል ለስላሳ ድምፅ ተሰማ። አዛዡ በእጁ አንድ ወረቀት ይዞ ገባ። ሴትዮዋን ሲያይ ለአፍታ ቆም አለ፤ ወዲያው ፈገግ ብሎ ሰላምታ ሰጣት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«እንግዲህ አባቴ፣ እንዳንቆይ» ብሎ ወረቀቱን ከእስክሪብቶ ጋር ጉልበቱ ላይ አስቀመጠለት። «ሁለት ቁልፍ። ከዚህ በታች ስምዎ።»

ቁልፍ ቀራጩ እስክሪብቶውን አነሳ። የሚስቱ ወንድም ትሪ ሙሉ ብርጭቆ ይዞ ከጓዳው በር ላይ ቆሟል። ባለቤቱ በሴቶቹ መሀል ሸሚዙን እንዳቀፈች ታየዋለች። እጁን አየው፤ አምስተኛውን ጥርስ ወደ ኋላ የሞረደው እጅ ነው። የሞተው ልጁ ራሱ፣ አባቱ ይፈርም እንደሆነ ለማየት እዚያው ክፍል ውስጥ የቆመ መሰለው። እስክሪብቶውን አስቀመጠው።

«ሦስት ነው» አለ።

«ምን አሉ?»

«ቁልፉ ሦስት ነው። ትናንት ዋሽቻለሁ። ሦስተኛውን እኔ በገዛ እጄ ቀርጬዋለሁ። ልጁ ጠፍቶበታል ብሎ ለመጣ ሰው ሰጠሁት። ለልጄ ግን አልጠፋበትም ነበር።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አዛዡ ድምፁን ይበልጥ አለሰለሰ። «ሐዘን ነው፤ አባቴ ደክመዋል። ለማን ነው የሰጡት?»

ቁልፍ ቀራጩ ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። ከጓዳው በር ግን ድምፅ ተሰማ። ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንኳኳሉ። መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ ከዚያ ሁሉም እስኪሰማው ድረስ። ሰው በሙሉ ዞረ። የልጁ እናትም ዞረች። ወንድሟ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠው።

«እትዬ» አላት። «ክፍሉ ገብተን የምርመራውን ወረቀት ብቻ ነው የምናየው አለኝ። በእናታችን አጥንት፣ ወረቀት ብቻ።»

«ማን?» አለች መርማሪዋ።

በዓይኑ ወደ አዛዡ አሳየ። አዛዡ ኮፍያውን አንስቶ ተነሳ። እጁ ወደ ቀበቶው ወረደ፤ ነገር ግን የፋብሪካው ሰዎች ሳይጠሯቸው ተነስተው በሩን ሞልተውታል። ሁሉም የዘበኛውን ቀብር የሸኙ ናቸው።

«ትንሽ ይቀመጡ አዛዥ» አለች መርማሪዋ፤ በመስኮቱ በኩል ለባልደረቦቿ እጇን አውለበለበች።

ሁለቱንም ይዘዋቸው ሄዱ። ቁልፍ ቀራጩም ቃሉን ሰጥቶ፣ ነገ መሥሪያ ቤት እንዲቀርብ ተነግሮት ቀረ። ፀሐይ ሳትገባ ሰዉ እየተንጠባጠበ ወጣ፤ ምን ብሎ እንደሚያጽናና ሁሉም ጠፍቶት ነበር። ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። እንድትጮህበት ፈለገ፤ አልጮኸችም።

«ልጁን አልጠየቅከውም» አለች።

«አልጠየቅኩትም።»

«እኔን ጠይቆኝ ነበር» አለች። «ሳቅኩበት።»

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። መንገዱን እስከ ማዶ አየችው፤ ከዚያ በሩን መልሳ ዘጋችና መቀርቀሪያውን ያዘች። ገፋችው። ዝጎ ስለነበር አልነቃነቅ አላት። ሁለቱን እጆቿን አድርጋ ገፋች፤ አሁንም እምቢ አለ።

ቁልፍ ቀራጩ ከሥራ ሳጥኑ ውስጥ ዘይቱን አምጥቶ በዚህም በዚያም ጫፍ ጠብ አደረገ። ዘይቱ እስኪገባ አብረው ቆመው ጠበቁ። ሊያግዛት እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን መቀርቀሪያውን ራሷ ገፋችው።