ከሎህ የታጠበ እንግሊዝኛ

ነሲማ ከሁሉ የምትፈራው እንግሊዝኛን ነበር፤ ያውም አናባቢውን። ሁለት «ኢ» ጎን ለጎን ሲቆሙ «ኢ» ተብለው ይነበባሉ፤ ይሁን። «ኢ» ከ«ኤ» ጋር ሲገናኝም «ኢ» ነው፤ ደስ ሲለው ደግሞ «ኤ» ይሆናል። ሁለት «ኦ» ግን አብረው ሲውሉ ስማቸውን ክደው «ኡ» ይባላሉ። እንዲህ ያለ ወላዋይ ፊደል ይዞ ባሕር የተሻገረ ሕዝብ እንዴት መንገድ እንዳልጠፋው አላህ ይወቀው።

ነገ መምህር ኪዳነወልድ ሃያ ቃል ዲክቴሽን ያስጽፋሉ። የወደቀ ክፍል ይደግማል። ለሴት ልጅ ግን፣ በዚያን ጊዜ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ መድገም የሚባል ነገር የለም፤ ወደቀች ማለት እቤት ቀረች ማለት ነው። ደግሞም አባቷ ዐብዱልመሊክ ቁርኣን ጠራዥ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲያስገቧት፣ «ዲንሽን፣ እምነትሽን የነካ ቀን ትምህርቱ ያበቃል» ብለዋታል።

ከአመሻሹ የዐስር ሰላት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ፍርሃቱ አላስቀምጣት አለ። ያኔ ሎሁ ትዝ አላት። ቁርኣን ቤት ሳለች አልያዝ ያላትን አያ፣ የቁርኣን አንቀጽ፣ በዚያ የእንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፋ፣ ቀለሙን በውሃ አጥባ ትጠጣው ነበር። የጠጣችው ከልቧ ወጥቶ አያውቅም። ሎሁን ከግድግዳው አወረደችና አናባቢዎቹን ከነዘመዶቻቸው ጻፈችበት። ቀለሙን ሳህን ላይ አጠበችው። ግማሹን ጠጣች፤ መረራት።

የቀረውን ሳትጨርስ አያቷ ኡማ ዐብላ ገቡ።

«ምን ጽፈሽ ነው፣ ልጄ?»

ምላሷ ቀደማት። «ያሲን» አለች፤ ለበሽተኛ የሚነበበውን የቁርኣን ምዕራፍ።

«አልሐምዱሊላህ! ለያዕቁብ ሺፋ፣ ፈውስ ይሆነዋል!» አሮጊቷ ሳህኑን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። ትንሹ ወንድሟ ያዕቁብ ትኩሳት ከጣለው አምስት ቀኑ ነው። አባቷ ራስጌው ተቀምጠዋል።

ነሲማ ተከተለቻቸው። ብትናገር ትምህርቷ በዚያች ሰዓት አለቀ። ዝም ብትል፣ ልጁ በአላህ ቃል ፈንታ የእሷን የጥላሸት ቀለም ሊጠጣ ነው። ቢሞትስ? ሳህኑ ከንፈሩ ጋ ሲደርስ ዘላ በእጇ መታችው። ውሃው ምንጣፉ ላይ ተደፋ።

«አስተግፊሩላህ!» ብለው ጮኹ ኡማ ዐብላ። «ያሲንን መሬት ላይ!»

«ያሲን አይደለም! እንግሊዝኛ ነው። ዋሽቼዎት ነው፣ ኡማ። ለነገ ፈተና… እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው።»

አባቷ ተነሥተው ወጡ። በትር ፍለጋ መሰላት። ሎሁንና ቀለሙን ይዘው ተመለሱ።

«ለወንድምሽ ፋቲሓን፣ የቁርኣኑን መክፈቻ ጻፊለት» አሏት።

ብርዑን ነከረች። ፋቲሓን እንኳን ጽፋው፣ ተኝታም ታውቀዋለች። እጇ ግን አንድም ሳያመነታ ሄዶ ከሎሁ ግራ ጠርዝ ላይ አረፈ፤ የትምህርት ቤት ጽሑፍ ከሚጀመርበት፤ ቁርኣን ግን የሚጻፈው ከቀኝ ነው።

አየችው። አባቷም አዩት። ቀና ስትል ፊታቸው ላይ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ፍርሃት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ቁርኣን የጠረዙ ሰው የገዛ ልጃቸውን እጅ እያዩ ፈርተዋል። አባት ይፈራል ብላ አስባ አታውቅም። ከዚያን ቀን ፍርሃት ሁሉ የከፋባት ይኼ ነበር።

የእጇን አንጓ ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ቀኙ ጠርዝ ወሰዱት።

«ነገ ሂጂና ተፈተኚ» አሉ። «ስትመለሺ ግን በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጠሽ ትጽፊያለሽ። ከዚህ በኩል።»

«እሺ» አለች።

መጻፍ ጀመረች። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ እጇን አልለቀቁም።