የወይዘሮ እልፍነሽ መሐላና ቀይዋ መኪና

ቀረብ በሉ ልጆቼ፤ አንቺም ከበሩ ብርድ ፈቀቅ በይና ተቀመጪ። ወርኃ ጽጌ ነው፤ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ የሄደበት፣ ጦሳ ተራራ የጉም መጎናጸፊያውን አውልቆ ሐመልማሉን የሚገልጥበት ወራት፤ ነገሩም የሆነው እንዲህ ባለችው ወራት ነው። በዚህ ኃላፊና ጠፊ ዓለም ሰው ከፍጥረቱ ሁሉ መርጦ አንድ ነገር ይወዳል፤ የወደደውም ነገር፣ ብረትም ይሁን እንጨት፣ እንደ ሥጋ ለባሽ ሁሉ ያረጃል፣ ይታመማል፣ መድኃኒት ይሻል፤ አስታማሚውም እያስታመመ አብሮ ያረጃል፤ ከሁለቱ ማን ማንን እንደጨረሰ ለይቶ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው።

በደሴ ከተማ፣ ከመድኃኔዓለም ደብር በታች ባለው ቁልቁለት፣ አቶ ሽታሁን የሚባል ጭምትና ትሑት፣ ቃሉ የታመነ የመሬት ቀያሽ ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ እልፍነሽ ናት፤ መልኳ የተወደደ፣ ልቧ ግን እንደ ቋጥኝ የጸና። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት አንድ ጣሊያን መንገድ ሠሪ አገሩ ሊገባ ሲሰናዳ፣ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ጣራዋ የሚገለጥ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የእሽቅድምድም መኪናውን ለገዢ አቀረበ፤ ሽታሁንም አያት፤ ባያትም ጊዜ ልቡ ከእርሱ ተለየ። ያለውን ሁሉ አውጥቶ ቢያንሰው፣ እልፍነሽ ከእናቷ የወረሰችውን የወርቅ ድሪ ከሣጥኗ አንሥቶ፣ ሳያማክራት ሸጦ ጨመረበት። መኪናይቱን ከደጅ አቁሞ የቀኝ በሯን ከፈተና፣ «እልፌ፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ ያንቺ» አላት። እርሷም ጎረቤት እየሰማ፣ «የእናቴን ድሪ ሸጠህ ወንበር ገዛህልኝ? በዚህች ላይ ብቀመጥ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!» ብላ ማለች። እናንተ አታውቁትም እንጂ ልጆቼ፣ ያን ጊዜ የአባት አጥንት የተጠራበት ነገር አይታጠፍም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት፣ በየዓመቱ በተጋቡባት ዕለት፣ ሽታሁን መኪናይቱን አጥቦና ወልውሎ ያንኑ በር ይከፍታል፤ እልፍነሽም ዘንቢሏን ይዛ፣ ቀና ብላ ሳታይ፣ በአጠገቡ ታልፋለች። መኪናይቱ በበኩሏ ስታረጅ ጊዜ እንደ ሕመምተኛ እመቤት ምኞቷ በዛ፤ አንድ ዓመት ጎማ፣ አንድ ዓመት ራዲያተር፣ አንድ ዓመት ደግሞ ከባሕር ማዶ ካልሆነ የማይገኝ ብልት ትጠይቃለች፤ እርሱም አንድ ካፖርት ዐሥራ አንድ ክረምት እየለበሰ ያቀርብላታል። የቤቱ ጣራ ሲያፈስ እልፍነሽ ሳፋ እየደቀነች፣ «ጣውንቴ በአዲስ ቆርቆሮ ሥር ደርቃ ታድራለች፤ እኔ ዝናብ እቀዳለሁ» ትል ነበር። ጠዋት ጠዋት ባትሪው እምቢ ሲል ሰፈሩ ወጥቶ ቁልቁል ይገፋል። «ግፉ ጎበዝ! የጋሽ ሽታሁን በቅሎ ዛሬም አኩርፋለች!» ይላል አንዱ። «አኩርፋ መሰለህ? እትዬ እልፍነሽን አይታ ደንግጣ ነው እንጂ!» ይላል ሌላው። መካኒኩ እንድሪስ፣ የሽታሁን የልብ ወዳጅ፣ እጁ በግራሶ እንደጠቆረ፣ «ዝም ብላችሁ ግፉ! የጨዋ ልጅ ናት፤ ስድብ አትወድም» ይላቸዋል። ታዲያ ሞተሩ ነፍስ ዘርቶ ያ ጥልቅና ግሩም ድምፅ ከተራራው ሲያስተጋባ፣ ተሳዳቢውም ተሳላቂውም ቆሞ ያደምጣል። ሽታሁን ብቻውን እስከ ሐይቅ አፋፍ ደርሶ፣ ባርኔጣው በጉልበቱ፣ ፊቱ የሃያ ዓመት ጎልማሳ ፊት መስሎ ይመለሳል፤ እልፍነሽም በመስኮት ታየዋለች። ያቃጠላት ከድሪው ይልቅ ይህ ነበር፤ ያ ፊት እርሷ ሳትኖር መብራቱ። አንድ ቀን እንዲያውም እጇን እስከ በሩ እጀታ አድርሳ ነበር፤ ሰው ሲያያት ግን መሐላዋ ትዝ አላትና መልሳ በነጠላዋ ሸሸገችው።

በመጨረሻው ዓመት የመኪናይቱ ካርቡራተር ተበላሽቶ፣ መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሆዷ እንደተከፈተ ቆመች፤ በዚያው ወራት ሽታሁንም ሳምባውን ታሞ ተኛ። አንድ ማለዳ እጇን ይዞ፣ «እልፌ፣ ወንበርሽን ማንንም አላስነካሁትም» አላት። እርሷም፣ «ዛሬም የምታወራልኝ ስለ እሷ ነው?» ብላ እጇን አስለቅቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በሦስተኛው ቀን ዐረፈ፤ ያ ቃልም ሳይመለስለት ቀረ።

በቀብሩ ዕለት የእድሩ ዳኛ ባሻ ገድሉ በሕዝቡ መካከል ቆመው፣ «በአባቶቻችን ሥርዐት የተከበረ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ በለቅሶው ይሳባል፤ ሽታሁን ፈረስ የለውም፤ ያለችው ይህች ናት» አሉ። እንድሪስም፣ «ባሻ፣ ሆዷ ክፍት ነው፤ አትነሣም» ቢል፣ «እንገፋታለን እንጂ! መች ተነሥታ ታውቅና?» አሉት። እስከዚያ ቀን የተገፋችው ቁልቁል ብቻ ነበር፤ ደብሩ ግን ዳገት ላይ ነው። እንድሪስ መሪውን ሊይዝ ገባ፤ የሽታሁን ወንበር ተበልቶ አልቆ በበሬ ቆዳ በእጅ ተጠግኗል። ከዚያ ወደ ቀኙ ዘንበል ብሎ፣ ሌላውን ወንበር የሸፈነውን ጨርቅ ገለጠ። ቆዳው ቀይ ነው፤ ጭረትም መጨማደድም የለበትም፤ መዓዛው እንኳ እንደ አዲስ ነው። «እትዬ እልፍነሽ» አላት፣ «የገዛ ልጄ እግሩ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ስንወስደው እንኳ፣ ሽታሁን እኔን በእግር አስኪዶ ልጁን በራሱ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ እርሱ በሁለቱ ወንበር መካከል፣ ከእጅ ፍሬኑ አጠገብ ተንበርክኮ ነዳ። እዚህ ማንም አልተቀመጠም።»

እልፍነሽም ያን ማለዳ ያስለቀቀችውን እጇን አየች። ለቅሶተኛው ሁሉ መሐላዋን ያውቃልና ወደ እርሷ ዞረ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ «እንግዲህ ይውጋኝ» አለችና ገባች። አስከሬኑን ተከትለው ገፉ፤ ሽማግሌውም ጎልማሳውም፣ ትከሻውን ከብረቱ አስጠግቶ፣ ዳገቱን ገፋ፤ የቀለደ አልነበረም። እርሷም መንገዱን ሁሉ ግራ እጇን በተጠገነው ወንበር ጠርዝ ላይ አኑራ፣ «ሽታሁን፣ ተቀመጥሁልህ፤ ቀና በልና እየኝ» እያለች አለቀሰች።

መለዋወጫው ከአርባው በኋላ መጣ። እንድሪስ ገጠመው፤ ሞተሩም ተነሣ፤ አንድ ጊዜ ሐይቅ አፋፍ አደረሳት፤ ውኃውን አይታ ተመለሰች፤ ቁልፉንም ለእርሱ ሰጠችው። ባሻ ገድሉ የመኪናይቱን መጠለያ ቆርቆሮ አስነቅለው የቤቷን ጣራ አስለበሱላት። እልፍነሽ አራት ዓመት ኖራ ከባሏ ጎን ተቀበረች። እንድሪስ ዓይኑ ደክሞ መንዳት ትቷል፤ መኪናይቱም በግቢው ቆማለች፤ የልጅ ልጆቹ በግራው ወንበር ይጫወታሉ፤ የቀኙን አያስነካቸውም። ያልተቀመጡበት ወንበር አያረጅም፤ የሚያረጀው አጠገቡ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ነው።